ሐኪም የሚገባበት አገር፣ ሐኪም የማይወጣበት አገር

የሕክምናን ታሪክ በአገራችን የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ይነሣል፤ ከምኒልክ ሆስፒታል፣ ከሩስያ ቀይ መስቀል፣ ከቤተ መንግሥት። እኔ ግን አንባቢዬን ከአንኮበር ገደል ቁልቁል ይዤው ልወርድ ነው፤ ወደ አሊዩ አምባ። አሊዩ አምባ ዛሬ በሰሜን ሸዋ፣ በአንኮበር ወረዳ ውስጥ ያለች፣ ከአካባቢው ሰው በቀር ስሟን እምብዛም የሚያነሣት የሌለ ትንሽ ከተማ ናት። ይሁን እንጂ የፈረንጅ ሐኪም ወደ ሸዋ መግባት በጀመረበት ዘመን በሯ እሷ ነበረች። በር ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ገቢውንም ወጪውንም ያያል። እንግዲህ እኛም ከዚያ ቆመን እንጠይቅ፦ በዚህ በር ሐኪም ገብቷል፤ ከዚያው ከቆላው የተወለደ ልጅስ ሐኪም ለመሆን በየት በኩል ይወጣል? (በእኛ አቆጣጠር የሆነውን ዓመት ዓ.ም. እያልኩ እጽፋለሁ፤ እንዲያው በባዶው ያስቀመጥኩት የአውሮፓውያኑ ነው።)

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ማለት ከ1813 እስከ 1847፣ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ሸዋን የሚረግጠው በአሊዩ አምባ በኩል ነበር። ጨው ይገባል፣ ጨርቅ ይገባል፤ ቡናና ሌላ ሌላውም ይወጣል። ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ከአጠገቧ ያለው የአብዱል ረሱል ገበያ የባሪያ ገበያ ነበር። ከተማዋ በአብዛኛው የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ስትሆን አርጎባው፣ አፋሩ፣ ከሐረር የመጣው ነጋዴና ከደጋው የሚወርደው ገበያተኛ ይገናኙባት ነበር። በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የመራው የእንግሊዝ ልዑክ በዚሁ መንገድ አንኮበር ገባ፤ ከመካከሉም ሐኪም ነበረበት። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ቻርልስ ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም መጣ። ጆንስተን ግን ንዳድ ይዞት ብዙ ጊዜውን አሊዩ አምባ ተኝቶ ነው ያሳለፈው። ልብ በሉ! ሐኪም አሊዩ አምባ በከረመበት በዚያ ዓመት በሽተኛው እሱ ራሱ ነበር።

ንጉሡ ከፈረንጅ መድኃኒት መጠየቅ ይወዱ እንደነበረ ተጓዦቹ ጽፈዋል። መድኃኒቱም ተሰጠ። የሃሪስ ልዑክ በ1843 ጓዙን ጠቅልሎ በመጣበት መንገድ ወረደ፤ ጆንስተንም አገሩ ገብቶ በ1844 ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ። አሊዩ አምባን ለንደን በመጽሐፍ አነበባት፤ አሊዩ አምባ ግን ከጆንስተን ሙያ የተማረችው ነገር አልነበረም። መድኃኒቱ አለቀ፣ መድኃኒተኛው ሄደ፣ ዕውቀቱም አብሮት ሄደ። ይህ የመጀመሪያው ግንኙነት መልክ ነው፤ ወደ ኋላ እንደምናየው መልኩ ብዙ ሳይለወጥ ቆይቷል።

ይህን ስል ይፋት ሐኪም አልነበራትም ማለቴ አይደለም። ስብራት የሚጠግን ወጌሻ ነበር፣ ያምጣለች የተባለችውን ሴት የምትይዝ አዋላጅ ነበረች፣ ሥር ማሽ ነበር፣ ዱዓ የሚያደርግ ሼኽ ነበር፣ ከገደሉ በላይም ደብተራው ነበር። እንዲያውም «ሐኪም» የምንለው ቃል ራሱ ከዓረብኛ የወረስነው ነው። ቃሉን ተቀብለን የራሳችን አድርገነዋል። ቃሉ ቤተኛ ሲሆን ሙያው ግን እንግዳ ሆኖ ቀረ፤ ነገሩ የሚያስገርመው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ግንኙነት ከዚያው ከገደሉ አፋፍ ነው። በ1870ዎቹ አጋማሽ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ ለጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የሚባለውን ቦታ ሰጡ። ጣቢያውን በኋላ ከመሩት አንዱ ሊዮፖልዶ ትራቬርሲ ሙያው ሕክምና ነበር። ልጥ ማረፊያ የሳይንስ ጣቢያ ተባለ፤ ወፍ ተያዘበት፣ ቅጠል ደረቀበት፣ ካርታ ተነሣበት። ጣቢያውን ያቆመው ማኅበር የሚሻው ስለ አገሪቱ ማወቅ እንጂ የአገሪቱን ልጅ ማሳወቅ አልነበረም። ሐኪም ሁለተኛ ጊዜ ገባ፤ ሁለተኛ ጊዜም ወጣ።

ታዲያ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በየት መጡ? ብንል መልሱ ያሳዝናልም፣ ያስደንቃልም። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በዘመናዊ ትምህርት ሐኪም የሆኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው። እንዴት ሆኑ? በ1868 መቅደላ ሲወድቅ እንግሊዞች ያገኙት ሕፃን ነበሩ። ወደ ህንድ ተወሰዱ፣ ቻርልስ ማርቲን ተባሉ፣ ላሆር ላይ ሕክምና ተምረው በ1882 ተመረቁ። አገራቸውን መልሰው ያገኙት ከአድዋ ድል በኋላ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ሐኪማችን የወጣው በትምህርት ቤት በር ሳይሆን በጦርነት ፍርስራሽ በኩል ነው። ልጅን ማርከው ካልወሰዱት በቀር ሐኪም የማይሆንበት ዘመን ነበር ማለት ነው።

ሌላው ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። እሳቸው የሄዱት በምርኮ ሳይሆን በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ላኪነት ነው፤ አሜሪካ ገብተው በ1935 ከሃዋርድ ዩኒቨርስቲ በሕክምና ተመረቁ። ሃዋርድ የሚለውን ስም አንባቢ እንዲሁ አይለፈው። የሃዋርድ ሕክምና ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1868 ነው፤ ወርቅነህ መቅደላ ላይ በተገኙበት በዚያው ዓመት። ጥቁር አሜሪካዊ በሌሎቹ ትምህርት ቤቶች በር እየተመለሰ በነበረበት አገር፣ ጥቁር ሐኪም በብዛት ከሚወጣባቸው ጥቂት ቤቶች አንዱ ሃዋርድ ነበር። በ1910 የወጣው የፍሌክስነር ሪፖርት የሕክምና ትምህርት ጥራት እንዲሻሻል ጠየቀ፤ ጥያቄው ተገቢ ነበር። ነገር ግን በጊዜው ከነበሩት ሰባት የጥቁሮች ሕክምና ትምህርት ቤቶች ሁለቱ ብቻ፣ ሃዋርድና ሜሃሪ፣ ቀሩ። ጥራት በሚለው ቃል የተዘጋው በር ተመልሶ ስንት ዘመን ሳይከፈት እንደሚቀር ከዚህ እንማራለን።

ዛሬም እዚያው አገር ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ፣ ከሜክሲኮና ከካሪቢያን የዘር ሐረጋቸው የሚመዘዘው፣ ላቲኖ የሚባሉት ዜጎች፣ ከመቶ አሥራ ዘጠኝ ገደማ ሲሆኑ ከሐኪሞቹ መካከል ግን ከመቶ ሰባት እንኳ አይሞሉም። በሽተኛው በስፓኝ ቋንቋ «እዚህ ጋ ያመኛል» ሲል የሚሰማው ሐኪም ስንት ነው? የሚለው ጥያቄ እዚያ የክርክር ርዕስ ነው። በሰኔ 2023 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዩኒቨርስቲዎች ዘርን ለቅበላ መመዘኛ እንዳያደርጉ ስለ ወሰነ ክርክሩ ባሰ እንጂ አልበረደም። ይህን ያነሣሁት የሰው አገር ጉድ ለማውራት አይደለም። ሀብታሟ አሜሪካ እንኳ «ሐኪም ስንት ነው?» ከሚለው ጥያቄ አልፋ «ሐኪሙ ከማን ወገን ወጣ?» ብላ እየጠየቀች ነው። እኛስ ሁለተኛውን ጥያቄ መቼ ልንጠይቅ ነው?

ወደ ይፋት እንመለስ። የአሊዩ አምባ ዕድል የዞረው በሕክምና ምክንያት ሳይሆን በመንገድ ምክንያት ነው። ምኒልክ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ዞሩ። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ግመሉ በሐዲድ ተተካ፤ በግመል የኖረችው አሊዩ አምባም ከገደሉ ሥር ቀረች። ኋላ ጣሊያን የደሴን መንገድ ሲሠራ ጣርማ በርን በስቶ ወደ ደብረ ሲና አወረደው፤ መንገዱ በሸዋ ሮቢት በኩል ወደ ሰሜን ቀጠለ። ስለዚህ ሸዋ ሮቢት የመኪና ከተማ ሆነች፣ አሊዩ አምባ የእግር መንገድ ከተማ ሆና ቀረች። ይህ ከሕክምና ጋር ምን አገናኘው? ትልቅ ነገር ያገናኘዋል። ትምህርት ቤትም ሆስፒታልም የተከተሉት መንገዱን ነው። በ1908 የምኒልክ ትምህርት ቤት፣ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈቱ። የተፈሪ መኰንን የመጀመሪያው ዲሬክተር እነዚያው ሐኪም ወርቅነህ ነበሩ። ሐኪሙ መምህር ሆነው መሰላል መሥራት ጀመሩ ማለት ነው፤ የመሰላሉ እግር ግን የተተከለው በዋና ከተማ ነው። ልጁን አዲስ አበባ ያደረሰ ወላጅ መሰላሉን አገኘው፤ ያላደረሰው ስለ መሰላሉም አልሰማ።

የፋሺስት ወረራ ይህንኑ ገና የቆመ መሰላል ሰበረው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የተማረው እየተለቀመ ተገደለ፤ ከሐኪም ወርቅነህም ልጆች ሁለቱ፣ ብንያምና ዮሴፍ፣ ከተገደሉት ናቸው። በዚያ ጊዜ አባታቸውን ካጡት ሕፃናት አንዱ አሥራት ወልደየስ ነበሩ። እኒህ ሕፃን በኋላ እስክንድርያ ተምረው፣ ኤዲንብራ ሕክምና ጨርሰው፣ ስመ ጥር ቀዶ ሐኪምና የሕክምና ፋኩልቲ ዲን ሆኑ። በ1993 ከሌሎች መምህራን ጋር ከዩኒቨርስቲው ተባረሩ፤ ከዚያም ታሰሩ፤ በ1999 ፊላዴልፊያ ላይ ዐረፉ። ዛሬ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርስቲ የጤና ሳይንስ ግቢ በስማቸው ይጠራል። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ከነጻነት በኋላ ነገሩ ተፋጠነ። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ተከፈተ። በ1954 ደግሞ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ፤ የዓለም ጤና ድርጅት፣ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅትና የአሜሪካ መንግሥት ረዱት። ጎንደር የተማረው የጤና መኮንን ከነርሱና ከሳኒተሪያኑ ጋር ሆኖ ወደ ጠቅላይ ግዛቱ እንዲሰማራ ነበር ሐሳቡ። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው በ1964 ነው። እስከዚያ ድረስ በአገሪቱ ከነበሩት ሐኪሞች የሚበዙት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ፋኩልቲው ሲከፈት «አሁንስ የራሳችን ሐኪም አገኘን» ተባለ፤ እውነትም ነው። ነገር ግን «የራሳችን» የሚለው ቃል ማንን ማንን ይጨምራል?

እዚህ ላይ አንድ የቁጥር ተንኮል አለ። በዚያ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በብዛት የነበሩት በአዲስ አበባ፣ በአስመራና በጥቂት የጠቅላይ ግዛት ዋና ከተሞች ነው። በክፍለ አገር ሲቆጠር ሸዋ ሁልጊዜ ከላይ ትገኛለች። ተማሪው ራሱ ስለ ብሔረሰቦች እኩልነት ሲከራከር ሸዋ የተጠቃሚ ስም ነበር። ይሁን! ግን የይፋት ቆላ ልጅም እኮ የሸዋ ሰው ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ንዳድ እየጣለው፣ ፍየል እየጠበቀ፣ ከገደሉ ሥር ያለ የአርጎባ ልጅ ከአራት ኪሎ ልጅ ጋር በአንድ መስመር ይደመራል። ደምሮ ማካፈል ደግሞ ቀላል ነው፤ ለሁለቱም እኩል የደረሳቸው ይመስላል። ከገደሉ በታች ያለው ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ደብረ ብርሃን ወይም ሌላ ከተማ መውጣት፣ ዘመድ ቤት መጠጋት ወይም ቤት መከራየት፣ ስንቅ ማመላለስ ነበረበት። ዘመድ የሌለው፣ ስንቅ የሌለው፣ በዚያ ላይ ሴት ከሆነች ደግሞ፣ መንገዱ እዚያው ላይ ያበቃል። የሕክምና ፋኩልቲው ማንንም «አሊዩ አምባ ስለሆንክ አትገባም» አላለም። ማለትም አላስፈለገውም፤ በሩ ሳይደርስ ቀርቷልና።

በቆላው የመንግሥት ጤና የታየው በሌላ መልክ ነበር። በ1958 አገሪቱን የመታው የወባ ወረርሽኝ ወደ ሦስት ሚሊዮን ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። በሚቀጥለው ዓመት ወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። የወባ ሠራተኛ በየቤቱ እየዞረ ዲዲቲ ሲረጭ ሰፊው ሕዝብ መንግሥት ስለ ጤናው እንደሚያስብ አየ። ክሊኒክ በተከፈተበት ድሬሰር ተመደበ፤ ለብዙ ገበሬ «ዶክተር» ማለት ይኸው ድሬሰር ነበር። ታዲያ ከሥር የሚሠራው የመንደሩ ልጅ ሊሆን ቻለ፤ መርጨት ተፈቀደለት፣ ቁስል ማሰር ተፈቀደለት። ከዚያ በላይ ያለው እርከን ግን ርቆ ተሰቅሎ ነበር።

አብዮቱ ፈነዳ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተጀምሮ ቀስ በቀስ በአሥራ አምስት የአገሪቱ ቋንቋዎች አስተማረ፤ አርጎብኛ ከነዚያ ውስጥ አልነበረበትም። ሆኖም የአሊዩ አምባ ሕዝብ አማርኛ ተናጋሪ ስለሆነ ዘመቻው አላለፈውም። የሕክምና ትምህርትም ከአዲስ አበባ ወጣ፦ በ1978 ጎንደር በላይፕሲኩ የካርል ማርክስ ዩኒቨርስቲ እገዛ የሕክምና ኮሌጅ ሆነ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጅማ ተከተለ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ማንም ሊክደው አይችልም። ከዚያ በኋላ ግን እስከ አዲሱ ምዕተ ዓመት ድረስ የአገሪቱ የሕክምና ትምህርት ቤቶች እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። ለይፋት ልጅ ሦስቱም ሩቅ ናቸው፤ የርቀታቸው መለኪያ ግን ኪሎ ሜትር ሳይሆን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ አንድ የሚያስተምር ነገር እናገኛለን። በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ከየቀበሌያቸው ተመርጠው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ሁለት ሁለት ሆነው ወደዚያው ወደ ቀበሌያቸው ይመለሳሉ። በአርብቶ አደር አካባቢ አሥረኛ የጨረሰች ስትጠፋ የትምህርቱ መመዘኛ ዝቅ ይላል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30,000 በላይ ሴቶች ሠለጠኑ፤ ክትባቱ፣ የወባ አጎበሩ፣ የእናቶች ክትትሉ በእነሱ እጅ አለፈ። ለምን ተሳካ? ቋንቋውን ያውቃሉ፣ ቤቱን ያውቃሉ፣ የማን ልጅ የማን ሚስት እንደሆነች ያውቃሉ። መንግሥት እንግዲህ መርሑን ያውቀዋል ማለት ነው፦ የመንደሩን ጤና ለመንደሩ ልጅ ስጥ!

ሐኪሙ ዘንድ ሲደርስ ግን ይኸው መርሕ ተረሳ። አዲስ የተመረቀ ሐኪም ለብዙ ዓመታት የሚመደበው በዕጣ ነበር። ከአዲስ አበባ የተወለደው ዕጣው ቆላ ሲያወጣበት ዓመቱን እየቆጠረ ይከርማል፤ ግዴታው ሲያልቅ ይነሣል። አይፈረድበትም፤ ምን ዘመድ አለው? ምንስ መብራት፣ ምን መሣሪያ፣ ምን ደሞዝ ይይዘዋል? የጆንስተንን ነገር አስታውሱ፤ መጣ፣ ከረመ፣ ሄደ። ልዩነቱ ይህኛው አገሩ ኢትዮጵያ መሆኑ ነው። እንግዲህ እናወዳድረው፦ የአንድ ዓመት ሥልጠና ላለው ሥራ ሰው ከቀበሌ እንመርጣለን፤ የብዙ ዓመት ትምህርት ላለው ሥራ ግን ሰው በዕጣ ስንልክ ኖረናል። ለመንደሩ ልጅ፣ ይልቁንም ለመንደሩ ሴት ልጅ፣ ደመወዙ ያነሰውን እርከን ለቀንላት «ጣሪያሽ ይኸው ነው» ማለት አይሆንብንም?

በ2012 አሥራ ሦስት አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ተከፈቱ፤ በሌላ የሳይንስ ሙያ ዲግሪ ያለውም ሕክምና እንዲማር መንገድ ተጠረገ። ሐኪም በቁጥር በረከተ። የአስተማሪው ማነስና የመማሪያው ጥበት ብዙ አነጋግሯል፤ እዚያ ውስጥ አልገባም። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ በሩ ሲሰፋ የሚገባው ከበሩ አጠገብ የቆመው ነው። ከሩቅ ያለው እንዲገባ ከተፈለገ መስፋት ያለበት መንገዱ ነው።

«ድጋፍ እኮ አለ!» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ለብዙ ዓመታት አፋር፣ ሶማሌ፣ ጋምቤላና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ታዳጊ ክልሎች ተብለው ልጆቻቸው ዝቅ ባለ ነጥብ ዩኒቨርስቲ እንዲገቡ ተደርጓል። እኔ ይህን እደግፋለሁ። ነገር ግን ድጋፉ የተሰላው በክልል ስም ነው። የይፋትን ካርታ ተመልከቱ፦ ጋቸኔ ያለው አርጎባ በአፋር ክልል፣ አሊዩ አምባ ያለው አርጎባ በአማራ ክልል ነው። ሁለቱም አንድ ሸለቆ ይመለከታሉ፤ አንድ ዓይነት ትንኝ ትነድፋቸዋለች። አንደኛው ታዳጊ ሲባል ሌላው ከክልሉ ትልልቅ ከተሞች ልጅ ጋር እኩል ይወዳደራል። ቀድሞ «ሸዋ» የሚለው ስም እንደ ሸፈነው ሁሉ አሁን ደግሞ የክልሉ ስም ሸፈነው። ትንኟ ግን ድንበር አታውቅም።

የቅርቡ ፈተና ደግሞ ሁሉን ገልጦ አሳየን። በ2014 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከተፈተኑት ሃምሳ ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። በዚሁ በ2015 ዓ.ም. 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። አንድ ትምህርት ቤት ማንንም ካላሳለፈ የልጆቹ ስንፍና ነው ሊባል አይችልም፤ ትምህርት ቤቱ ራሱ ወድቋል። ሐኪም የሚመለመለው ከነዚያ ካለፉት ከላይኞቹ መካከል ነው። በይፋት ላይ ደግሞ የጦርነቱ ጣጣ ተጨመረ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች፤ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን ያዘ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት አያሌ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ያልተማረ ልጅ ከአሥራ ምናምን ዓመት በኋላ ሐኪም ሆኖ አይመጣም። የዛሬ ጦርነት የነገን ሐኪም ይገድላል፤ ሬሳው ግን ስለማይታይ ማንም አይቆጥረውም።

ሁለት ተቃውሞ ይቀርብልኛል። አንደኛው «ነጥብ ዝቅ አድርጎ ማስገባት ሕክምናን ያረክሳል፤ ነፍስ ያለበት ሥራ ነው» የሚል ነው። መልሴ ቀላል ነው፦ መግቢያው ይለያይ፣ መውጫው አንድ ይሁን። አሁን ሐኪም ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። ያንን ፈተና ያለፈ የቆላ ልጅ ከማን ያንሳል? በመካከሉ ግን እንግሊዝኛውንና ሳይንሱን የሚያካክስ አንድ የዝግጅት ዓመት ያስፈልገዋል። አስገብቶ መተው ድጋፍ ሳይሆን ማጋለጥ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «እሱም ተምሮ ይሄዳል፤ አዲስ አበባ ይገባል፣ ቀጥሎም አሜሪካ» የሚል ነው። ሊሄድ ይችላል፤ የቆላ ልጅ ስለሆነ ታስሮ ይኑር አንልም። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ባወጣው መምሪያ ለገጠር ሐኪም ለማግኘት ከቀረቡት ምክሮች አንዱ ከገጠር የተወለዱ ተማሪዎችን መርጦ ማስተማር ነው፤ ከገጠር የወጣ ወደ ገጠር የመመለስ ዕድሉ ይበልጣልና። ጃፓን ይህን ቀደም ብላ አውቃዋለች። በ1972 የተከፈተው የጂቺ ሕክምና ዩኒቨርስቲ ከአርባ ሰባቱም የአገሪቱ አውራጃዎች ጥቂት ጥቂት ተማሪ ይቀበላል፤ የትምህርቱን ወጪ ይሸፍናል፤ ተማሪውም ተመርቆ በወጣበት አውራጃ ለተወሰነ ዓመት ያገለግላል። አውራጃው ልጁን ይሰጣል፣ ሐኪሙን ይቀበላል። ዕጣ የለ፣ ልመና የለ።

እንግዲህ ወደ ያዝነው ስም እንመለስ። ፕሮፌሰር አሥራት አባታቸውን በግፍ አጥተው፣ ዕድል ረድቷቸው፣ ባሕር ተሻግረው የተማሩ ሰው ናቸው። በስማቸው የተሰየመው ግቢ ከአንኮበር ገደል በላይ፣ በደብረ ብርሃን አለ። ከወርቅነህ ዘመን ጀምሮ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ለመሆን መማረክ ወይም መታደል ያስፈልግ ነበር። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ የሕክምና ትምህርት ቤት ከይፋት አፋፍ ላይ ቆሟል። ይህ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ግን አፋፍ ላይ መቆም ብቻውን ወደ ታች ማየት አይደለም።

እኔ የሚታየኝ የሚከተለው ነው። ግቢው በየዓመቱ ከሚቀበላቸው ተማሪዎች ስንቱ ከቆላው ትምህርት ቤት እንደ መጣ፣ በክልል ሳይሆን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረሰበት ትምህርት ቤት እየቆጠረ ያሳውቅ። ከሸዋ ሮቢት፣ ከአሊዩ አምባ፣ ከአርጎባው ወረዳ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ያሉትን ጎበዞች፣ ሴቶቹን አስቀድሞ፣ ከአሁኑ ይያዛቸው፤ በክረምት አውጥቶ ሳይንስ ያስተምራቸው። የሕክምና ተማሪዎቹን ደግሞ ለልምምድ ወደ ቆላው ያውርዳቸው፤ የመንደሩ ልጅ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው በሽተኛ ሲያክም ብቻ ሳይሆን ጥያቄውን ሲመልስለትም ይይ። ወጪው ብዙ አይደለም። አዲስ ሕንፃም አያስፈልገው።

ይፋት ከሁለት መቶ ዓመት ወዲህ ለሐኪም መንገድ ሰጥታለች፣ ቤት ሰጥታለች፣ ንዳድ የጣለውንም አስጠግታለች። እስከ ዛሬ ልመናዋ «ሐኪም ላኩልን» የሚል ነበር። የተላከው ሁሉ ተመልሶ ሄደ። ከእንግዲህ ጥያቄው «ልጃችንን ተቀበሉን፣ ሐኪም አድርጋችሁ መልሱልን» ቢሆን ይሻላል። የተላከ ሰው ቀኑ ሲደርስ ይሄዳል፤ የተመለሰ ሰው ግን ቤቱ ነው የገባው።